ኢንቦክስ የሌለው ኢሜይል፦ የሃይኩ «ሜይል» ጎንደር ቢሮ ውስጥ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ሃይኩ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለውን «ሜይል» ወድጄዋለሁ። ለሁሉም ሰው ግን አልመክረውም። ሥራችሁ ደብዳቤ መቀበል፣ መልስ መስጠት፣ ማን ቀብድ ላከ ማን ዝም አለ እያላችሁ መከታተል ከሆነ ይመቻችኋል። ባለቀለም ማስታወቂያ፣ ባለሥዕል ደረሰኝ፣ ከካላንደር ጋር የተሳሰረ ኢሜይል ከለመደባችሁ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ትጣላላችሁ።

የምሠራው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ የጉዞ ቢሮ ነው። ዋናው ሥራችን ሰሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶችን ማስተናገድ ነው። እንግዳው ገና አገሩ ሳለ ይጽፋል። ከጎንደር ደባርቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በቅሎ በቀን ስንት ነው? ያለ ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) መውጣት አይቻልም ወይ? ጥር ላይ ሌሊቱ እንዴት ነው? ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ አክብሮ በማግስቱ ተራራ መውጣት የሚፈልገውማ ከመስከረም ጀምሮ ነው የሚጨቀጭቀን። አንዱ ሰው ቀብድ እስኪያስገባ ድረስ ብዙ ደብዳቤ ይመላለሳል። በመካከሉ ቀኑን ይቀይራል፣ ሰው ይጨምራል፣ ሚስቱ ደግሞ በራሷ አድራሻ ሌላ ጥያቄ ትልካለች።

ላፕቶፑ ያረጀ ነው። ራሙ 2 ጊጋ ነው፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ድሮ ብሮውዘር ከፍቶ ኢሜይል ማየት ልብ ያወልቅ ነበር፤ ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ አቦሉ ይደርሳል። ሃይኩን ያመጣልኝ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ነው። ይህን ላፕቶፕ ከመጣልህ በፊት አንድ ነገር ላሳይህ ብሎ በፍላሽ ይዞት መጣ።

ሃይኩ ከየት መጣ ለምትሉ፣ በአጭሩ። ዣን ሉዊ ጋሴ የሚባል ፈረንሳዊ የአፕል ትልቅ ኃላፊ ነበር። በፈረንጆቹ 1990 ከአፕል ወጥቶ «ቢ» የሚባል ኩባንያ አቋቋመ፣ ኩባንያው ቢኦኤስ የተባለውን ሲስተም ሠራ። በ1996 አፕል ሊገዛቸው ሲደራደር ቆይቶ በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ፤ አፕል ፊቱን አዙሮ ኔክስት የተባለውን የስቲቭ ጆብስን ኩባንያ ገዛ። የ«ቢ» ንብረት በ2001 በ11 ሚሊዮን ዶላር ፓልም ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ቢኦኤስን የወደዱ ሰዎች ግን ወይ ፍንክች! በዚያው ዓመት ከዜሮ እንጻፈው ብለው ጀመሩ፣ የዛሬው ሃይኩ እሱ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ቤታ 5፣ ማለትም አምስተኛው የሙከራ እትም፣ የወጣው በመስከረም 2017 ዓ.ም ነው። አዎ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተለፍቶበትም ገና ቤታ ነው። ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። ሜይልን ስትከፍቱት የሚጠብቃችሁ የደብዳቤ ዝርዝር አይደለም። ባዶ የደብዳቤ መጻፊያ ብቻ ነው የሚመጣው። በግራ ፎልደሮች፣ በላይ ዝርዝር፣ በታች ማንበቢያ የሚባል ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም።

«ኢንቦክሱስ?» አልኩት ጓደኛዬን።

«ፎልደሩን ክፈት» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሌላ ቦታ አንድ ፕሮግራም ጠቅልሎ የሚይዘው ሥራ እዚህ ለሦስት ተከፍሏል። ከሰርቨር የሚያመጣውና የሚልከው ከጀርባ ሆኖ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው። የመጣው ደብዳቤ እያንዳንዱ አንድ ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ዝርዝሩን የሚያሳያችሁ ትራከር ነው፤ ፎቶም ሙዚቃም ሰነድም የምትከፍቱበት ያው የፋይል ማሳያ። ሜይል የሚባለው ድርሻው አንድ ደብዳቤ ማሳየትና አንድ ደብዳቤ ማጻፍ ብቻ ነው። ሌላውን አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም።

ይህ እንዲሆን ያስቻለው የፋይል ሲስተሙ ነው። ቢኤፍኤስ ይባላል፤ ከቢኦኤስ የመጣውን ሃይኩዎች እንደገና ጽፈውታል። በቢኤፍኤስ አንድ ፋይል ከይዘቱ ሌላ ስም ያላቸው መረጃዎች ሊለጠፉበት ይችላሉ። አትሪቢዩት ይሏቸዋል፣ እኔ መለያ እላቸዋለሁ። ደብዳቤ ሲገባ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ርዕሱ፣ ቀኑ፣ የተነበበ መሆን አለመሆኑ ከደብዳቤው ራስጌ እየተነቀሰ መለያ ሆኖ ይጻፋል። ትራከር እነዚህን መለያዎች በአምድ ደርድሮ ያሳያል፤ በላኪ ደርድር ብትሉት በላኪ፣ በቀን ብትሉት በቀን። ዓይናችሁ ኢንቦክስ ነው የሚያየው። ከሥር ያለው ግን ተራ ፎልደር ነው።

መለያዎቹ ደግሞ ማውጫ አላቸው። ስለዚህ «ከዚህ አድራሻ የመጣ፣ ያልተነበበ፣ ከባለፈው ሳምንት ወዲህ» ብላችሁ ስትጠይቁ ዲስኩን አንድ በአንድ አያስስም። ማውጫውን ያያል፣ መልሱን ይሰጣል፣ በቃ። የመጀመሪያውን ቢኤፍኤስ ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ዶሚኒክ ጃምፓውሎ በኋላ አፕል ገብቶ ስፖትላይት ላይ ሠርቷል። ማክ ላይ የምትወዱት ፍለጋ ዘመዱ ማን እንደሆነ በዚህ እወቁት።

እኔን የገረመኝ የዚህ ምርጫ ድፍረት ነው። ጥቂት ተጠቃሚ ባለው ሲስተም ላይ ኢሜይል ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ አንድ ፈተና አለበት። ሰዉ አውትሉክ ለምዷል፣ ታንደርበርድ ለምዷል፤ እንግዲያው እነሱን የሚመስል ነገር ልሥራ ይላል። ሦስት ክፍል ያለው መስኮት ይሠራል። የራሱን የደብዳቤ ማከማቻ ይጽፋል። የራሱን ፍለጋ፣ የራሱን ፎልደር፣ የራሱን የአድራሻ መዝገብ ይጽፋል። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ይህን ሁሉ ጽፈው ሲጨርሱ በእጃቸው የሚቀረው የደከመ አውትሉክ ነው፣ ያውም ከጨረሱ። ቢኦኤስ ላይ የነበሩት ሰዎች ጥያቄውን ገለበጡት። ሲስተማችን ፋይል መደርደርና መፈለግ ከማንም በላይ ያውቅበታል፣ ታዲያ ደብዳቤውን ፋይል ብናደርገው ምን ይቀረናል? የቀራቸው ማሳየትና ማጻፍ ነው። እሱን ጻፉ።

የአድራሻ መዝገቡም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው አንድ ፋይል ነው፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ ኢሜይሉ መለያ ሆነው ይለጠፉበታል። እዚያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ይሠራል።

ለእኛ ቢሮ እውነተኛ ለውጥ ያመጣው ግን «ሁኔታ» የሚለው መለያ ነው። አዲስ ደብዳቤ «አዲስ» ይባላል፣ ስታነቡት ይቀየራል፣ ስትመልሱለት «ተመልሷል» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ይይዛል። እስከዚህ የትም ያለ ነው። እዚህ ግን ደብዳቤውን ስትዘጉ ሁኔታውን የፈለጋችሁትን ማለት ትችላላችሁ። እኔ «ዋጋ ተልኳል»፣ «ቀብድ ገብቷል»፣ «ቀን ቀይሯል»፣ «ቀረ» የሚሉ አስገብቻለሁ፣ በአማርኛ። ሲስተሙ ከላይ እስከ ታች ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት የሚይዘው የኮምፒውተር ሥርዓት) ስለሆነ ፊደሉ አይበላሽም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ፎልደሩን በሁኔታ እደረድረዋለሁ። «ዋጋ ተልኳል» የሚሉት አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ሳምንት ያለፈውን አይቼ ማስታወሻ እጽፍለታለሁ። ይኸው ነው፤ ለዚህ ሥራ በወር የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች እንዳሉ አውቃለሁ።

የቢሮው ባለቤት እትዬ ኮምፒውተር አትነካም። ጥያቄዋ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አንተ ልጅ፣ እነዚያ በበቅሎ እንወጣለን ያሉት ፈረንጆች ብር ላኩ ወይስ እንዲሁ እያሾፉ ነው?»

«ላኩ እትዬ። ይኸው፣ ቀብድ ገብቷል ይላል።»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

በጣቴ አሳየኋት፣ አማርኛ ስለሆነ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ በትከሻዬ በኩል እያየች ትጠይቀኛለች፤ ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ እስካሁን አልወሰንኩም።

ከዚህም ማለፍ ይቻላል። የፋይል ዓይነቶች ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ለኢሜይል የራሳችሁን መለያ መጨመር ትችላላችሁ። እኔ «የመውጫ ቀን» የሚል ጨምሬያለሁ፤ እንግዳው ወደ ተራራው የሚወጣበት ቀን ነው። ዝርዝሩ ላይ እንደ አንድ አምድ ይታያል፣ እዚያው ላይ ጠቅ አድርጌ ቀኑን እጽፋለሁ። ኢሜይል ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ስለ ተራራም ስለ በቅሎም አስበው አያውቁም። ማሰብም አላስፈለጋቸውም፣ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ከፊት ማወቅ አለባችሁ። እናንተ የጨመራችሁት መለያ ማውጫ የለውም። ስትደረድሩበት ይሠራል፣ ስትፈልጉበት ግን ዝም ይላል። ተርሚናል ከፍታችሁ ማውጫ የሚፈጥር ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ማውጫው ከዚያ በኋላ የሚጻፉትን ብቻ ነው የሚይዝ፣ የቀደሙትን ፋይሎች እንደገና መገልበጥ ወይም በሌላ ትእዛዝ ማውጫው ውስጥ ማስገባት ይኖርባችኋል። ይህ ለተራ ሰው የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ቁልፍ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

ፍለጋው ራሱ ሕያው ነው። «ሁኔታው አዲስ የሆነ» ብላችሁ ፈልጋችሁ መስኮቱን ሳትዘጉ ትተውታላችሁ። አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ራሱ እዚያ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ስታነቡት ራሱ ይጠፋል። ማንም «አድስ» የሚል ቁልፍ አይጫንም። ፍለጋውን በስም ካስቀመጣችሁት ራሱ እንደ ፎልደር ያገለግላል። ካላስቀመጣችሁት ከ7 ቀን በኋላ ይሰረዛል፣ ልብ በሉ። እኔ ዴስክቶፑ ላይ ሁለት ፍለጋ አለኝ፤ አንዱ ያልተነበበውን ሁሉ ያሳያል፣ ሌላው ዋጋ ተልኮላቸው ዝም ያሉትን። ያው አንድ ደብዳቤ ሁለቱም ውስጥ ሊታይ ይችላል፣ ፋይሉ ግን አንድ ነው።

ስለ ዳታ ላውራ። ኢንተርኔታችን የስልክ ዳታ ነው። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኛለሁ፣ ሃይኩ ያውቀዋል። እንግዳ ደግሞ አንዳንዴ የፓስፖርቱን ፎቶ በስልኩ አንስቶ እንዳለ፣ ሳያሳንስ ይልካል። እዚህ የአካውንት ማስተካከያው ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ታድጋናለች፤ ከዚህ መጠን በላይ የሆነውን ደብዳቤ ሙሉውን አታምጣ የምትል። የማን እንደሆነና ርዕሱ ይመጣል፣ የቀረው ሰርቨር ላይ ይቆያል። ከፈለጋችሁ ስትከፍቱት ያመጣዋል። እንዲህ ያለ ምርጫ የሞደም ዘመን ቅርስ ነው፤ ሌላው ዓለም ረስቶት ይሆናል፣ ለእኛ ግን ዛሬም ጥቅል ይቆጥባል።

መላክም ላይ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። የጻፋችሁት ደብዳቤ ወደ ውጪ የሚሄዱት በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ፋይል ሆኖ ተራውን ይጠብቃል፣ ያ ከጀርባ ያለው ፕሮግራም ሲልከው ሁኔታው ወደ ተላከ ይቀየራል። ኔትወርክ ቢጠፋ የጻፋችሁት የትም አይሄድም። ፋይል ነዋ።

መብራት ሲሄድስ? ብዙ ኢሜይል ፕሮግራሞች፣ ታንደርበርድ በመደበኛ አቀማመጡ ጭምር፣ የአንድ ፎልደርን ደብዳቤዎች በሙሉ አንድ ረዥም ፋይል ውስጥ አከታትለው ነው የሚጽፉት። አሠራሩ የቆየና የተፈተነ ነው፣ ግን እየተጻፈ ሳለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ የሚነካው ያ ትልቁ ፋይል ነው። አንድ ደብዳቤ አንድ ፋይል ሲሆን ቢበዛ ቢበዛ እየገባች የነበረችው አንዲቱ ናት የምትጎዳ። ቢኤፍኤስ ላይ ደግሞ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል አለው፤ ሲነሳ ያንን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። ባትሪ በሌለው ላፕቶፕ፣ ክረምት ላይ ጎንደር ውስጥ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

እስካሁን አወደስኩ። አሁን ቅሬታዬን።

የመጀመሪያው ፍለጋው የደብዳቤውን ሆድ አያይም። ማውጫ ያላቸው መለያዎቹ ናቸው፤ ላኪ፣ ርዕስ፣ ቀን፣ እነዚህ። «ያ የወተት አለርጂ አለብኝ ያለው ሰው ማን ነበር?» ብትሉ ፍለጋው መልስ የለውም። በፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ የሚያስስ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል፣ ለእንግሊዝኛ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለአማርኛ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ደብዳቤው የሚቀመጠው ከሰርቨር እንደመጣ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ደግሞ በኢሜይል ሲላክ ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ተቀይሮ ነው የሚሄደው። በዩኒኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ በተለመደው መቀየሪያ ሲታሸግ 4 ምልክት ይሆናል፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ 9። ሜይል ሲያሳያችሁ መልሶ ይፈታዋል፣ ፋይሉ ላይ ያለው ግን የታሸገው ነው። «ደባርቅ» ብላችሁ ብትፈልጉ ፋይሉ ውስጥ «ደባርቅ» የሚል ነገር የለም። ርዕሱ ላይ ከሆነ ያገኘዋል፤ ርዕስ መለያ ሲሆን ተፈትቶ ነው የሚጻፍ። ስለዚህ ከአገር ውስጥ ለሚጽፉልን አስጎብኚዎች ርዕሱን በደንብ ጻፉልኝ እላለሁ። ይሰሙኛል? አይሰሙኝም፤ ሁሉም «ሰላም ነው» ብለው ነው የሚልኩ።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ አማርኛ መጻፍ ራሱ ችግር ነው። ለማንበብ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካን፣ ፎንት ፎልደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በሜይል ማስተካከያ መምረጥ ነው። ለመጻፍ ግን የኪቦርድ ማስተካከያው አንድ ቁልፍን በአንድ ፊደል ነው የሚተካው፤ ሁለት ቁልፍ አገጣጥሞ አዲስ ፊደል የሚያወጣው ለፈረንጅ አክሰንት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ሰባት ቤት ያለውን ፊደላችንን ማስገባት አይቻልም። እኔ ሁኔታዎቹን በስልኬ ጽፌ አንዴ ለራሴ በኢሜይል ላክሁ፣ ከዚያ ቀድቼ ለጠፍሁ። አማርኛ ደብዳቤ መመለስ ካለብኝም በስልኬ ነው። እንዲህ አድርጎ መኖር ይቻላል፣ ግን ያናድዳል።

ሁለተኛው ጌጠኛ ደብዳቤ ነው። ሜይል ጽሑፍ ያሳያል። ቀለም፣ ሰንጠረዥ፣ በመካከል የገባ ሥዕል አያሳይም፤ ያንን ለማየት በብሮውዘር መክፈት አለባችሁ። ከሰው ለተጻፈ ደብዳቤ ምንም አይጎድልም። እንዲያውም ስትከፍቱት ከሩቅ ሥዕል ስለማይጎትት ማስታወቂያ ላኪው ማንበባችሁን አያውቅም፣ ዳታም አይበላም። ከአየር መንገድ የመጣ ትኬት ግን የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣና ጨጓራ ይልጣል። አዘጋጆቹ ይህን አውቀው ነው የተዉት ብዬ አምናለሁ። ድረ ገጽ የሚያሳይ ሞተር ኢሜይል ውስጥ መክተት ለትልልቆቹም ራስ ምታት ነው። ቢሆንም ዛሬ ግማሹ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ያን መካድ አይቻልም።

ሦስተኛው መግቢያው ነው። ሜይል የሚያውቀው ስምና የይለፍ ቃል ነው። ጎግል ደግሞ ለግል አካውንቶች ከግንቦት 2014 ዓ.ም ወዲህ በተራ የይለፍ ቃል የሚገቡ ፕሮግራሞችን አቁሟል። ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፍታችሁ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ የሚሆን የተለየ የይለፍ ቃል ማውጣት አለባችሁ። አንዴ ነው፣ ከዚያ አይጠይቃችሁም። ቢሆንም ይህን ሳያውቅ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» እያለው ሲታገል የሚውል ሰው ይኖራል።

አራተኛው ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። ያ ሁሉ መለያ የሚኖረው ቢኤፍኤስ ላይ ነው። የተለመደው የፍላሽ አቀማመጥ መለያ የሚባል ነገር አያውቅም። ደብዳቤዎቹን ፍላሽ ላይ ብትገለብጡ ይዘታቸው ይሄዳል፣ «ቀብድ ገብቷል» የሚለው ይቀራል። ላኪና ርዕስ ደብዳቤው ውስጥም ስላሉ አይጠፉም፣ እናንተ በእጃችሁ ያስገባችሁት ግን ሌላ ቦታ ስለሌለ ይጠፋል። መፍትሔው ሃይኩ ላይ እንዳላችሁ ዚፕ ማድረግ ነው፤ የሃይኩ ዚፕ መለያዎቹን አብሮ ይይዛል፣ መልሳችሁ ሃይኩ ላይ ስትፈቱት ይመለሳሉ። ዊንዶውስ ላይ ከፈታችሁት ግን አለቀ። እኔ አርብ አርብ ዚፕ አድርጌ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ።

ሌላው፣ ሃይኩ የአንድ ሰው ሲስተም ነው። መግቢያ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ላፕቶፑን የከፈተ ሁሉ ፎልደሩን ከፍቶ ያነባል። እትዬና እኔ ብቻ ስለሆንን ለእኛ ግድ የለም። የብዙ ሰው ቢሮ ከሆነ ግን ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ላለመጠቀም።

ኢንቦክስ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትሉ ካላችሁ፣ እዚያው ሃይኩ ላይ «ቢም» የሚባል ሌላ ኢሜይል ፕሮግራም አለ። ዝርዝሩንም ማንበቢያውንም አንድ መስኮት ውስጥ ይሰጣችኋል፣ ከሥር ግን ያንኑ አንድ ደብዳቤ አንድ ፋይል የሚለውን ሥርዓት ይጠቀማል። ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን በትራከርና በሜይል ቀርቻለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከለመዳችሁት መስኮት ውስጥ መስኮት ትርፍ ይመስላችኋል።

አይፈለጌ ደብዳቤ ማጣሪያውን ረስቼ ነበር። አለ፣ ከእናንተው ደብዳቤዎች ይማራል፤ ይህ ቆሻሻ ነው ይህ አይደለም እያላችሁ ታስተምሩታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፣ ከቆየ ይበስላል። ሰርቨሩ ራሱ የሚያጣራ ከሆነ ባታበሩትም ይሆናል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ዋጋ የለውም፣ ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ትጽፉታላችሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ታስነሱታላችሁ። ሃርድ ዲስካችሁን ሳይነካ ሙሉውን ማየት ትችላላችሁ። ከሁሉ በፊት ዋይፋዩን እዩ፤ አንዳንዱን ካርድ አያውቅም፣ ያን ጊዜ የስልክ ገመድ ይዛችሁ ቅረቡ። ከዚያ አካውንታችሁን ስታስገቡ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ተወው የሚለው ምርጫ መመረጡን አረጋግጡ፤ ካልተስማማችሁ ወደ ድሯችሁ ስትመለሱ ሁሉም እዚያው ይጠብቃችኋል።